ለካንቶን ፌር ጓንዡ የምትሄዱ፦ ስለ ሜትሮው ጠይቁኝ

አያ ፌርማታ፦ እንዴት ዋላችሁ የጎንደር ልጆች። ለጥቅምቱ ካንቶን ፌር፣ ማለትም ለጓንዡው ትልቅ የንግድ ትርኢት፣ የምትዘጋጁ ነጋዴዎች በውስጥ መስመር አንድ አይነት ጥያቄ እየላካችሁ ስላሰለቻችሁኝ እዚሁ ሁሉም ያንብበው። ስለ ሜትሮና ስለ ጣቢያዎቹ ጠይቁኝ። ስለ ቪዛና ስለ ዶላር አትጠይቁኝ።

የአራዳ ልጅ፦ አያ፣ የሚወረደው ፓዡ የሚባለው ጣቢያ ነው አይደል? ሁሉም እንደዛ ነው የሚለኝ

አያ ፌርማታ፦ ይሄው ተጀመረ። ሁሉም እንደዛ ስለሚል ነው'ኮ ግማሹ ሰው ጠዋቱን በእግሩ የሚጨርሰው። የፌሩ ማዕከል አንድ አዳራሽ እንዳይመስልህ ወንድሜ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚባሉ አራት ክፍሎች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 2023 የሚያዝያው ፌር 1.5 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ላይ ነው የተዘረጋው። ከ1 እስከ 8 ያሉት አዳራሾች ኤ ውስጥ ናቸው፣ ከ9 እስከ 13 ያሉት ቢ፣ ከዛ በኋላ ያሉት ሲ እና ዲ። ኤ ከሆነ የምትሄደው መስመር 8 ላይ ሺንጋንግዶንግ ትወርድና በመውጫ ኤ ትወጣለህ። ቢ ከሆነ አንድ ጣቢያ ጨምረህ ፓዡ፣ መውጫ ኤ። ሲ ከሆነም ፓዡ ነው ግን በሌላ መውጫ ነው፣ ውስጥ ለውስጥ ያለውን ሰሌዳ ተከተል እንጂ ሰው ተከትለህ አትውጣ። የፋብሪካው ካርድ ላይ 10.2 ካለ አዳራሽ 10 ሁለተኛ ፎቅ ማለት ነው፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል የመተላለፊያው ነው፣ ከሱ በኋላ ያለው ቁጥር የሱቁ። 10 ቢ ውስጥ ስለሆነ ፓዡ ወረድክ ማለት ነው፣ 3.1 ቢሆን ኖሮ ሺንጋንግዶንግ። የአዳራሽ ቁጥር ሳትይዙ ከሆቴል አትውጡ።

ሰሊጥ ነጋዴ፦ ቪዛው ስንት ቀን ይፈጃል?

አያ ፌርማታ፦ ኤምባሲውን ጠይቅ።

ማራኪ 21፦ ከኤርፖርት ታክሲ ይሻላል ወይስ ባቡር? ሻንጣ ይኖረኛል ብቻዬን ነኝ

አያ ፌርማታ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። በአየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ በቀጥታ ባይዩን ኤርፖርት ታርፊያለሽ፣ ከተርሚናሉ ስር መስመር 3 አለ፣ እሱን ይዘሽ ኬጹን ድረስ ትሄጃለሽ፣ ኬጹን ላይ ወደ መስመር 8 ትቀይሪያለሽ፣ አቅጣጫው ዋንሸንግዌይ የሚለው ነው። ከኬጹን ሶስተኛው ሺንጋንግዶንግ ነው አራተኛው ፓዡ። ግን መስመር 3 ጠዋትና ማታ የስራ ሰዓት ላይ ጭንቅ ነው፣ ትልቅ ሻንጣ ይዘሽ በሰው መሀል መግባት የለም፣ እንደዛ ከሆነ ታክሲ ያዢና አድራሻውን በቻይንኛ ፊደል አሳዪው። በአማርኛ ወይ በእንግሊዝኛ የጻፍሽው አይጠቅምሽም። ቲኬቱ ክብ ፕላስቲክ ሳንቲም የምትመስል ነገር ናት፣ ስትገቢ ታስነኪያታለሽ ስትወጪ ማሽኑ ይውጣታል፣ ስለዚህ እንዳትጠፋብሽ። ዋጋው ከ2 ዩዋን ይጀምርና በርቀቱ ይጨምራል። አሊፔይ የሚባለው የክፍያ አፕ ካለሽ በስልክሽም ይሆናል።

ባጃጅ ዕቃ፦ አዲስ አበባም'ኮ እንደዚህ ነው፣ ኤግዚቢሽን ማዕከሉ መስቀል አደባባይ ባቡሩም እዛው

ቅዳሜ ገበያ፦ ያ ቀላል ባቡር ነው እንጂ ሜትሮ አይባልም፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ

ባጃጅ ዕቃ፦ ድልድይ ላይም ይሄዳል፣ ምድር ውስጥ የገባበትም አለ። በመስከረም 2008 ሲጀምር አንተ የት ነበርክ

ቅዳሜ ገበያ፦ ወረፋ ላይ 😂 እኛ ከፒያሳ አዘዞ መቼ ነው የሚዘረጋልን እሱን ንገረኝ

የአራዳ ልጅ፦ ያን ዳገት ባቡር ከሚወጣው ባጃጅ ይሻላል

ባጃጅ ዕቃ፦ ባጃጁ ነዳጅ ሲያገኝ ነዋ

አያ ፌርማታ፦ እናንተ ሰዎች ሌላ ቦታ ሂዱና ተከራከሩ። ቀጣይ ጥያቄ።

እትዬ ድስት፦ አያ ተባረኩ። እኔ የማመጣው የቤት ዕቃ ነው፣ ድስት ሰሀን ቢላ ምናምን። የትኛው ዙር ላይ ልምጣ? ሰዓቱስ?

አያ ፌርማታ፦ እትዬ፣ አንቱ ሁለተኛው ዙር ላይ ይምጡ። የጥቅምቱ ፌር ከጥቅምት 5 እስከ 9 ኤሌክትሮኒክስ፣ ማሽን፣ መኪናና የመሳሰለው ነው፣ ከ13 እስከ 17 የቤት ዕቃና ስጦታ፣ ከ21 እስከ 25 ደግሞ ልብስ፣ ጫማ፣ መጫወቻ። በመሀል ሶስት ሶስት ቀን ዕቃ ማንሻ ነው፣ በሩ ዝግ ነው፣ እነዛን ቀናት ሰው ሳያጣራ መጥቶ ሆቴል ውስጥ ሲቃጠል አይቻለሁ። የሚያዝያው ፌርም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፣ ከሚያዝያ 7 ይጀምራል። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ አንደኛው ዙር ባለቀ በማግስቱ ነበር፣ የጾም ምግብ ፍለጋ ያየነውን መከራ ለብቻው ነው የምነግርዎ። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 3:30 ተከፍቶ ማታ 12 ይዘጋል፣ እነሱ 9:30 ነው የሚሉት፣ አምስት ሰዓት ይቀድሙናል፣ ስልክዎ የጎንደርን እንዳያሳይዎ። ደግሞ ቢላ ብለዋል። የቢላ ሳምፕል ቦርሳ ውስጥ ይዘው ሜትሮ እንዳይገቡ። እያንዳንዱ ጣቢያ መግቢያ ላይ ቦርሳ በኤክስ ሬይ ያልፋል፣ ጎትተው ያወጡታል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ቋንቋ የለም። ሻጩን ሆቴል ድረስ ላክልኝ ይበሉት። የአዳራሽ ቁጥርም ሳይዙ አይውጡ።

አዘዞ ሱቅ፦ ሰላም ነው፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የሚወረደው ፓዡ ነው?

አያ ፌርማታ፦ ላይ ተጽፏል። ላይ።

አዘዞ ሱቅ፦ እሺ አይቆጡ። ስለ ጓንዡ ጠቅለል አድርገው ይንገሩን

አያ ፌርማታ፦ ጠቅለል የሚባል ነገር አልመልስም። ምን መሸጥ ትፈልጋለህ፣ የት ታድራለህ፣ ስንተኛው ዙር ነህ? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ታሪክ ወዳድ፦ ፓዡ ግን ሰፈሩ ምን አለው? ከፌሩ ውጪ

አያ ፌርማታ፦ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የፓዡ ፓጎዳ አለ፣ ዘጠኝ ፎቅ ያለው የድሮ ግንብ፣ በ1600 ገደማ የተጠናቀቀ ነው በፈረንጆቹ። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ ጥቂት አስርት ዓመታት ይቀድማል ማለት ነው። በወንዝ ለሚመጣ መርከብ ምልክት ነበር። ጣቢያው ራሱ በፈረንጆቹ 2003 ነው የተከፈተ፣ ያኔ በመስመር 2 ስር ነበር፣ በ2010 ሲከፋፈሉ ነው ወደ 8 የዞረው። የቆየ ካርታ ይዞ የሚመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የአራዳ ልጅ፦ ሺያዎቤይ የሚባለው ሰፈር ማደር ይሻላል አሉኝ፣ ሀበሻ ስላለ

አያ ፌርማታ፦ ሀበሻም አፍሪካዊም የሚበዛበት ነው፣ ምግቡ አያስቸግርህም። ግን ሁለት ጊዜ ትቀይራለህ፣ መስመር 5 እስከ ዡጂያንግ ሺንቸንግ፣ ከዛ 3 እስከ ኬጹን፣ ከዛ 8። የጠዋቱ ግፊያ መሀል ነህ ማለት ነው። ከ2 ሰዓት በፊት ከሆቴል ውጣ።

ቅዳሜ ገበያ፦ ኮንቴነር በኪዩብ ስንት ገባ አሁን?

አያ ፌርማታ፦ አላስጫንም እኔ።

ማራኪ 21፦ ማታ ሲዘጋ እንዴት ነው የሚወጣው? ሰው ይረግጣል ይላሉ

አያ ፌርማታ፦ ጎበዝ፣ ማንም ያልጠየቀው ይሄ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም በአንዴ ነው የሚወጣው፣ ካታሎግ የሞላ ጋሪ የሚጎትት፣ ስልክ እያወራ መሀል መንገድ የሚቆም፣ ሺንጋንግዶንግ ላይ በር ሳትደርሺ ወረፋው ውጭ ነው። ሁሉም ወደ ኬጹን አቅጣጫ ነው የሚሻማው። አንቺ ከፓዡ በተቃራኒው ግቢ፣ አንድ ጣቢያ ብቻ ወደ ዋንሸንግዌይ ሂጂ። የመስመር 8 ዳር ነው፣ ባቡሩ እዛ ያበቃል፣ ሁሉም ይወርዳል። ከዛ ወደ ከተማ የሚመለሰውን ባዶውን ትገቢና ወንበር ይዘሽ፣ ዕቃሽን እግርሽ መሀል አድርገሽ ፓዡ ላይ የሚጋፋውን እያየሽ ታልፊያለሽ። አስር ደቂቃ ቢያስጨምርሽ ነው።

እትዬ ድስት፦ የፌሩን መግቢያ ባጅ አምና የሰጡኝ አለ፣ ድጋሚ ያሰራል?

አያ ፌርማታ፦ ይዘውት ይምጡ፣ አይጣሉት። በኦንላይን ግን ለዚህኛው ዙር ይመዝገቡ። ባትሪዬ አልቋል፣ የቀራችሁ ነገ ጻፉ፣ ግን ላይ ያለውን አንብባችሁ።