የኦርኬስትራ መሪው (ኮንዳክተሩ) ዋናውን ሥራ የሚሠራው አዳራሹ ባዶ ሳለ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ 25 ልጆች ያሉበት ኳየር እመራለሁ። ማታ ማታ የትልልቅ ኦርኬስትራዎችን ቪዲዮ አያለሁ። ባለቤቴ ታዲያ «ሰውየው እጁን ከማወዛወዝ ሌላ ምን ይሠራል? ኖታው እንደሆነ ሁሉም ፊት ተዘርግቷል» ይለኛል። መልስ አጣሁለት። የአንዱ ኦርኬስትራ ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ፣ የሌላው ቀጭንና ስል የሚሆነው በመሪው ነው ሲባልም እሰማለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ በምን መንገድ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አዎ፣ እውነት ነው። በባለቤትሽም አልፈርድም። ኮንሰርቱን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ዋናው ሥራ ግን ያኔ አልቋል። ያለቀውም ቀደም ብሎ፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ሙዚቀኞቹ የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው አንዷን መስመር አሥሬ ሲደጋግሙ ነው።

መጀመሪያ ይህን ልብ በይ። መድረክ ላይ የተቀመጠ ሙዚቀኛ ሙሉውን ሙዚቃ አይሰማም። ትራምፔት የሚነፋው ሰው ከኋላ ነው። ጆሮው ሥር ከበሮ ይመታል፣ ቫዮሊኖቹ ደግሞ 10 ሜትር ያህል ይርቁታል። ድምፅ ያንን ርቀት ለመሄድ ወደ 3 መቶኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ኢምንት ትመስላለች፣ ግን ሁሉም የሌላውን ድምፅ እየጠበቀ ቢጫወት ሙዚቃው መንቀርፈፉ አይቀርም። መድረኩ ላይ ካሉት መካከል የሁሉም ድምፅ ይበልጥ ተመጣጥኖ የሚሰማበት ቦታ ላይ የቆመው መሪው ነው። ስለዚህ ከእጁ በፊት የሚሠራው ጆሮው ነው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ይባላል። በ1882 ለንደን ተወልዶ በ1912 የአሜሪካውን የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ተረከበ። ዓመታት ሲያልፉ ይህ ኦርኬስትራ እንደ ቬልቬት በለሰለሰ የቫዮሊን ድምፁ ዓለም ሁሉ አወቀው፤ «የፊላደልፊያ ድምፅ» የሚል ስም እስከ መውጣት ደረሰ። እንዴት አመጣው? አስማት የለውም። ማሲንቆ ሲመታ አይተሽ ከሆነ ደጋኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ድምፁ ለቅጽበት ቁርጥ ይላል። ቫዮሊንም እንደዚያው ነው። በተለመደው አሠራር የአንድ ክፍል ቫዮሊኖች ሁሉ ደጋናቸውን እኩል ያወጣሉ፣ እኩል ያወርዳሉ። ለዓይን ደስ ይላል። ግን ሁሉም እኩል ሲመልሱ ያቺ ትንሽ ቁርጥ ማለት በሰዎቹ ቁጥር ተባዝታ ትሰማለች። ስቶኮቭስኪ ይህን ሕግ ሻረው። እያንዳንዱ ሰው ደጋኑን በፈለገው ጊዜ ይመልስ አለ። አንዱ ሲመልስ ጎረቤቱ ገና መሐል ላይ ነው፣ ሌላዋ ጀምራለች፣ እና ድምፁ ስፌቱ የማይታይ ጨርቅ ሆኖ ይፈሳል። የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉትንም አብራችሁ አትተንፍሱ፣ ተፈራረቁ ይላቸው ነበር።

አቀማመጥም ቀይሯል። ድሮ አንደኛና ሁለተኛ የሚባሉት ሁለቱ የቫዮሊን ቡድኖች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ነበር የሚቀመጡት። እሱ ሁሉንም ከመሪው በስተግራ ሰበሰባቸው። ቫዮሊን ሆዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ተጫዋቹ በስተግራ ሲቀመጥ እነዚያ ቀዳዳዎች ወደ ሕዝቡ ይዞራሉ፣ በስተቀኝ ሲሆን ግን ወደ መድረኩ ውስጥ። ወንበር በማንቀሳቀስ ብቻ ድምፅ ይቀየራል ማለት ነው! ዛሬ ብዙ ኦርኬስትራዎች ቫዮሊኖቻቸውን እንደዚያ ነው የሚያስቀምጡት።

ሌላው መንገድ ቃል ነው። ካርሎስ ክላይበር የሚባል መሪ በ1970 ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ውስጥ ከሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር የሙዚቃ ደራሲዎቹን የዌበርንና የዮሐን ሽትራውስን የኦፔራ መክፈቻዎች ሲያለማምድ የተቀረፀ ፊልም አለ። ለባለቤትሽ ይህንን አሳዪው። ትንሽ ይጫወታሉ፣ ያስቆማቸዋል። እንደገና ይጀምራሉ፣ አሁንም ያስቆማቸዋል። «እዚህ ጋ ጎላ፣ እዚያ ጋ ለስለስ» ብሎ አይበቃውም። ራሱ ያዜማል፣ በምሳሌ ያወራል፣ ኖታው ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ይነግራቸዋል። ሲጀምር አንዳንዶቹ ፊት ላይ «ይሄ ደግሞ ምን ይላል?» የሚል ነገር ይነበባል። ቀስ በቀስ ግን ይገባቸዋል፣ እጃቸውም ይቀየራል። መጨረሻ ላይ ሙሉውን ሲጫወቱ ያው ሰዎች፣ ያው መሣሪያ፣ ግን ሌላ ድምፅ ነው። እኔ ካየሁት በኋላ ልምምድ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ተቀየረብኝ።

በቃል የማይገለጽም አለ። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የቲምፓኒ (የትልልቅ ከበሮዎች) ተጫዋች የነበረው ቨርነር ቴሪሸን እንዳወጋው፣ አንድ ቀን ኦርኬስትራው ከሌላ መሪ ጋር ሲለማመድ ድምፁ በድንገት ሞቅ ብሎ ተለወጠ። ምን ተፈጠረ ብሎ ቀና ሲል ዋናው መሪያቸው ፉርትቬንግለር በር ላይ ቆሟል። አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔ ይህንን የዓመታት ልምምድ ፍሬ ነው የምለው። ሙዚቀኞቹ እሱ የሚፈልገውን ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ይዘውታል፣ ሲያዩት ያወጡታል።

አሁን ወደ አንቺ ልጆች እንምጣ። የስቶኮቭስኪ ዘዴ ለኳየር እንዲያውም ይቀላል። ረጅም ስንኝ ላይ 25ቱም እኩል አየር ከሳቡ ዜማው ይበጠሳል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ልጆች አብረው እንዳይተነፍሱ ንገሪያቸው። ቃል መሐል ላይም ቢሆን ችግር የለውም፤ አንዷ ድምፅዋን ቀንሳ ትወጣለች፣ አየር ትወስዳለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ይህንን ብቻ አንድ ሙሉ ልምምድ አሠሪያቸው። ከዚያ ምቱን የምትይዝ አንዲት ልጅ አንቺ ቦታ ላይ አቁሚና ወርደሽ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጪ። ከልጆቹ ፊት ቆመሽ ያልሰማሽው ብዙ ነገር እዚያ ይሰማሻል፤ የትኛዋ ድምፅ ከሌሎቹ ገንና እንደምትወጣ፣ የትኛው ቃል እንደሚዋጥ፣ ወንዶቹ ከኋላ ስለቆሙ ብቻ እንደማይሰሙ። የሰማሽውን ጻፊው፣ ተመልሰሽ ውጪና አስተካክይ፣ እንደገና ውረጂና ስሚ።