ስለ ስኳር ጠይቁኝ፦ ከሃምሳ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ። በስኳር ክትትል ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ዶክተር ስላልሆንኩ መድኃኒት አልቀይርላችሁም፣ የማውቀውን ግን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 58 ዓመቴ ነው። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመርኩ አምስት ዓመት አለፈኝ። በባዶ ሆድ ተለክቼ 112 ወጣ። ከየት መጣ?

ከእግርዎ ነው ብል ይስቁብኛል። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀንሳል፣ የቀረውም ኢንሱሊን (ከቆሽት ወጥቶ ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን) ሲያዘው ቶሎ እሺ አይልም፣ ቆሽትም እንደ ድሮው አይሆንም፤ እንጀራውና ዳቦው ግን በ30 ዓመትዎ እንደሚበሉት ነው፣ ማስቀመጫው ነው የጠበበው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል። 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከወጣ ስኳር በሽታ ነው። እርስዎ ገና መመለስ የሚቻልበት ቦታ ላይ ነዎት። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉትን፣ ያሠሩ። እዚያ ላይ ቅድመ ስኳር ከ5.7 እስከ 6.4 ነው። ደም ማነስ ካለብዎ ግን ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ጉዳዩ የእግር ከሆነ ምን ላድርግ? ጉልበቴን ያመኛል።

ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም አይበሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ ስኳሩ ገና ሲወጣ ይይዘዋል። ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ እንጂ የራስ መኮንን ድልድይን ቁልቁለትና ዳገት ለጉልበትዎ አልመክርም። ሌላው ደግሞ ወንበር ነው። እጅዎን ሳይደገፉ ተነሥተው ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ አሥር ጊዜ፣ አርፈው እንደገና። ቀላል ይመስላል፣ ይሞክሩትና እንነጋገራለን። ሥጋም ሆነ ምስር ሆነ እንቁላል፣ ፕሮቲን ከሌለ ጡንቻው ከየትም አይመጣም።

ጥያቄ፦ ጤፍ ለስኳር ችግር የለውም ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ። ፋይበር አለው፣ ከነጭ ዳቦ ይሻላል። ግን አንድ ሙሉ እንጀራ በልቶ ጭልፋ እንጀራ ደግሞ ማስጨመር ያው ስኳር መጨመር ነው። ሩዝ የተቀላቀለበት ከሆነማ ተዉት። እኔ ቤት ጎመኑና ምስሩ ቀድሞ ይበላል፣ እንጀራው ይከተላል፣ መጠኑም ግማሽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይህ ሕግ ይፈርሳል፣ ጉርሻ እምቢ አይባልም።

ጥያቄ፦ ጁስስ? ፍራፍሬ አይደል?

ማንጎውን ብላው፣ አትጠጣው።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ትወስዳለች። ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። መድኃኒቱን ጠዋት ውጣ ነው የምትውለው።

ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያ ኪኒን ምግብ ገባም አልገባም ቆሽቱን ኢንሱሊን አምጣ ይለዋል። ባዶ ሆድ ላይ ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ የወደቀ ሰው ዳሌው ሊሰበር ይችላል። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሟን አነጋግሩ፣ ሰዓቱም መጠኑም ሊቀየር ይችላል። የንስሐ አባቷንም ጠይቂ፤ እናቶች እኛ ከምንነግራቸው ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ የምትናገረው ከተምታታ ለኪያት። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሚና ለኪ። ሲስተካከል ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት።

ጥያቄ፦ አብሽና ሽፈራው ኪኒኑን ይተካሉ?

አይተኩም። አብሽ ስኳር ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ስለዚህ ከኪኒን ጋር ሲደራረብ ከመጠን በላይ እንዳያወርድ ለሐኪም መንገር ነው። በአብሽ ተማምነው መድኃኒት ትተው እግራቸው ቆስሎ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ስምንት ዓመት ወሰድኩ። እግሬን ይደነዝዘኛል። ስኳሬ ግን ጥሩ ነው።

ቫይታሚን ቢ12 ይለኩልዎ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። የጾም ምግብ ላይ ደግሞ ቢ12 የለም ማለት ይቻላል፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚጾም ሰው ሁለቱ ይደራረባሉ። ድንዛዜው ከስኳሩም ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመሩ የቢ12 መርፌ እንዳይገዙ።

ጥያቄ፦ ማታ ስተኛ 118፣ ጠዋት 134። ሌሊት ተነሥቼ አልበላሁም፣ እመኚኝ!

አምንሻለሁ። ጉበትሽ ነው የበላው፣ ማለቴ ያወጣው። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ኢንሱሊን ካልበቃ ከፍ ብሎ ያድራል። ለክትትል ስትሄጂ የማታውንና የጠዋቱን ቁጥር ጽፈሽ ውሰጂ፣ የጠዋቱን ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ አባታችን 82 ዓመታቸው ነው፣ ልባቸውም ደካማ ነው። የሦስት ወሩ 7.8 ወጣ። እኛ ልጆቹ እንጀራ ከለከልናቸው፣ ከስተዋል፣ ተቆጥተዋልም።

መቆጣታቸው ልክ ነው። በዚህ ዕድሜና ሌላ ሕመም እያለ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ8 በታች ይበቃል ይላሉ፤ ቁጥሩን እንደ ወጣት ማውረድ ስኳራቸውን ዝቅ አድርጎ መጣል ነው፣ መክሳታቸው ደግሞ ያችኑ የቀረች ጡንቻ ነው የሚወስደው። ሐኪማቸውን ስለ ግቡ ጠይቁ። እስከዚያ እንጀራቸውን መልሱላቸው፣ ዶሮ ወጡም ሲኖር እንቁላሉን ለጋሼ።