ሞኖፖሊ ላይ የራሳችንን ካርድ ብንጨምርስ?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ማታ ማታ ከወንድሞቼና ከአጎቴ ልጅ ጋር ሞኖፖሊ፣ ያን ቦታ እየገዙ ኪራይ የሚሰበስቡበትን የሰሌዳ ጨዋታ፣ እንጫወታለን። ዕድል ብቻ እየሆነ ሲሰለቸን 20 ካርድ ራሳችን ጽፈን ጨመርንበት፤ «ከባንክ 500 ውሰድ»፣ «ከፈለግከው ሰው አንድ ቤት ንጠቅ»፣ «የፈለግከውን እስር ቤት ላክ» ዓይነት። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ባለፈው ታናሽ ወንድሜ ስልኩን እየነካካ አሸነፈን። ጭንቅላት የሚያሠራ ካርድ እንዴት ነው የሚፈጠረው?

መልስ፦ ልጁን አትቀየሙት፣ ጥፋቱ የካርዶቹ ነው። የጻፋችኋቸው ሁሉ እንደወጡ የሚፈጸሙ ናቸው። ማንን ልንጠቅ ከማለት በቀር ገልባጩ የሚያስበው ነገር የለም፣ እሱም ቢሆን መልሱ ይታወቃል፣ የሚመራውን ነዋ። ከጨዋታው ጋር የመጡትም ያው ናቸው፤ ከ16ቱ የ«ቻንስ» (ዕድል) ካርዶች የ10ሩ ሥራ አንተን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ነው። እጅህ ላይ አቆይተህ በፈለግክ ጊዜ የምትጠቀምበት፣ ካሰኘህም ለሌላ ተጫዋች የምትሸጠው ካርድ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ከእስር ቤት በነፃ የሚያስወጣው። ከእሱ ጀምሩ። ኮንከር የምትጫወቱ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ ጨዋታው ያለው እጅህ ላይ ባለውና ሌላው በማያየው ካርታ ነው።

ካርዱ ደግሞ በነፃ አይምጣ። መነሻውን «ጎ»ን ስታልፍ ወይ 200 ዶላርህን ውሰድ፣ ወይ ካርድ ሳብ፣ ሁለቱም አይሆንም በሉ። ከሁለት ካርድ በላይ መያዝም ክልክል ይሁን።

እስቲ ጥቂት ልጠቁማችሁ። «ጨረታ»፦ ሌላ ሰው ያልተሸጠ ቦታ ላይ ሲያርፍ ትጥላታለህ፣ ቦታው በተጻፈው ዋጋ መሸጡ ቀርቶ ለሁሉም ይጫረታል። (በነገራችን ላይ ያረፈበት ሰው አልገዛም ካለ ቦታው ጨረታ ይወጣል የሚለው የጨዋታው የራሱ ደንብ ነው። ብዙ ቤት ይዘለዋል። ከዘለላችሁት መጀመሪያ እሱን መልሱ።) «ዱቤ»፦ ብርቱካናማው ቴነሲ አቬኑ ላይ 3 ቤት ተሠርቶ አረፍክበት እንበል፣ ኪራዩ 550 ነው፣ ኪስህ ደግሞ ባዶ። ቤቶችህን በግማሽ ዋጋ ለባንክ ከምትመልስ ዱቤዋን ትጥልና «ጎ»ን ስታልፍ 650 ትከፍላለህ። እስከዚያ ሌላ ሰው ቤት ላይ ካረፍክ ግን ጉድህ ፈላ። «ግንባታ ይቁም»፦ ለአንድ ዙር ማንም ቤት አይሠራም። ይቺን የያዘ ሰው ተቀናቃኙ አንድ ቀለም ያላቸውን ቦታዎች ሁሉ ሰብስቦ ቤት ልሥራ እስኪል በትዕግሥት ይጠብቃል።

«እስር ቤት ላክ» የምትሏት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ጨዋታው መጀመሪያ ላይ፣ ሁሉም ቦታ እየዞረ በሚገዛበት ሰዓት፣ መታሰር ያማል። ቦታው ሁሉ ተሸጦ ቤት ከተሠራ በኋላ ግን እስር ቤት ዕረፍት ነው፤ ቁጭ ብለህ የራስህን ኪራይ ትቀበላለህ፣ የማንንም አትከፍልም። ጠላቴን ጎዳሁ ስትል ጠቀምከው ማለት ነው። ያኔም የምትጎዳበት አንድ ሁኔታ ብቻ አለ፣ ብርቱካናማዎቹ ቦታዎች የአንተ ከሆኑ። ከእስር ቤት 6፣ 8 እና 9 እርምጃ ላይ ስለሆኑ 50 ዶላር ከፍሎ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ውርወራ አንዱ ላይ የማረፍ ዕድሉ ከ36 14 ነው። ስለዚህ ይቺን ካርድ አታስወግዷት፣ የምትያዝ ብቻ አድርጓት፤ መቼ እንደምትጣል የሚያውቅ ይጠቀምባት።

ደንብ ነካን ብላችሁም አትሳቀቁ። ፓርከር ብራዘርስ የተባለው የጨዋታ አምራች እ.ኤ.አ. በ1935 አሳትሞ ከመሸጡ በፊት ሰዎች ሰሌዳውን በእጃቸው እየሳሉ፣ የሰፈራቸውን መንገድ ስም እየጻፉ፣ ደንቡንም እንደመሰላቸው እያደረጉ ነበር የሚጫወቱት።

አዲሶቹን መጀመሪያ በእርሳስ ጻፏቸውና ሦስት አራት ቅዳሜ ሞክሯቸው። የደረሰው ሰው ሁሉ ሳያመነታ ወዲያው የሚጥላት ካርድ ካለች ቅደዷት። «ከባንክ 500 ውሰድ»ን ግን ሳትሞክሩም ቅደዷት።