ስለ ምንጣፍና ሞኬት ጠይቁኝ፤ መጀመሪያ ግን ወለላችሁን እዩት

እንደምን ዋላችሁ። ባህር ዳር ውስጥ ምንጣፍና ሞኬት አነጥፋለሁ፣ አሮጌውን አነሳለሁ፣ የተበላሸውን እጠግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ሥራ ስለሌለኝ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። እኛ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ክረምቱ ከባድ ነው፣ መሬቱም ውሃ ይይዛል። ሌላ ከተማ ያለ ዘመዳችሁ ያነጠፈው ነገር እዚህ ላይሆን ይችላል። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ወለሉን ፈትሹ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ለሳሎን የትኛው ምንጣፍ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ሳሎን? ምድር ቤት ነው ወይስ ፎቅ? ወለሉ ሊሾ ነው ሴራሚክ? ትንንሽ ልጆች አሉ? ቡና የት ነው የሚፈላው? ይህን ጻፉልኝና እመለሳለሁ።

ከፋሲሎ፦ የምንኖረው ምድር ቤት ነው፣ ወለሉ ሊሾ ነው። አምና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞኬት አስነጠፍን። ነሐሴ ላይ መሽተት ጀመረ። ጥጉን ገለጥ ስናደርገው ጀርባው ጠቁሯል። አጥበን እናድነው?

መልስ፦ ሽታው የመጣው ከሥር ነው። ሲሚንቶ ውሃ ይስባል። ወለሉ ባዶ ሲሆን የሳበው እርጥበት ቀስ እያለ ይተናል፤ ማንም አያስተውለውም። ሞኬት በኮላ ሲለጠፍበት ግን መውጫ ያጣል። እዚያው ይታፈንና ኮላውን ያላቅቃል፣ ሻጋታ ያበቅላል። ጀርባው የጆንያ ክር ከሆነ ደግሞ ይበሰብሳል። ጥጉን በጣታችሁ ሻሹት፤ ክሩ እየተበጣጠሰ እጃችሁ ላይ ከቀረ አልቆለታል።

ማጠብ አያድነውም። ውሃ በጠገበ ነገር ላይ ውሃ መጨመር ነው። አንሱት። ሥሩ ስፖንጅ ካለው ስፖንጁን ጣሉት፤ ሻጋታ የገባበት ስፖንጅ አይጸዳም። ወለሉ እስከ ኅዳር ባዶውን ይክረም።

ከዚያ ፈትሹት። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉ። አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አሽጉት። 24 ሰዓት ይቆይ። ስትገልጡት ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ካለ፣ ወይም ያ ቦታ ከሌላው ወለል ጠቆር ካለ፣ ውሃ ከሥር እየመጣ ነው። በአንድ ጥግ ብቻ እንዳትሠሩት። መሐል ላይ፣ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል፣ በውጭ ግድግዳው በኩል ሞክሩ።

ደግሞ በመጋቢት ሠርታችሁ «ደርቋል» አትበሉኝ። መጋቢት ላይ ሁሉም ወለል ደረቅ ነው። የጣና ውሃ ራሱ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ሰማዩ ጠራ ማለት መሬቱ ደረቀ ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ውጭ ውጡና ቤቱን ዙሩት። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ግድግዳ ሥር ነው የሚያፈሰው? የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል? እሱን ሳታስተካክሉ አዲስ ሞኬት ብታስነጥፉ ገንዘባችሁን መሬት ውስጥ መቅበር ነው። ምድር ቤት ለሚኖር ሰው የእኔ ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሚነሳ፣ የሚጠቀለል፣ ፀሐይ የሚሞቅ ምንጣፍ።

ከፋሲሎ፦ በማሽን አሳጥበን፣ አድርቀን መልሰን ብንለጥፈውስ?

መልስ፦ ጽፌዋለሁ። ከላይ አንብቡት።

ከበላይ ዘለቀ ሰፈር፦ ቤታችን ገና ማለቁ ነው። ሊሾው ከተሠራ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሞኬት ማስነጠፍ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ስጡት። ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ ላስቲኩን ዘርጉ።

ከጎርጎራ፦ 4 በ 5 ምንጣፍ ስንት ይገባል?

መልስ፦ ዋጋ እዚህ አልናገርም። ገበያው በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ዕቃውም አይነቱ ብዙ ነው።

ከዘንዘልማ፦ ሻጩ «ንጹህ ሱፍ ነው» ይላል። በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ከጠርዙ ወይም ከጀርባው አንዲት ክር ስጠኝ በለው። እምቢ ካለ ተወው። ክሯን ከሱቁ ውጭ በክብሪት አቃጥላት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቀው ቶሎ ይጠፋል፣ የቀረው ጥቁር አመድ በጣት ይደቅቃል። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጣል፣ ይጠቀለላል፣ ሲቀዘቅዝ የማይደቅቅ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

ቀጥሎ ጀርባውን ገልብጥ። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ የፊቱ ጌጥ ከጀርባም ጥርት ብሎ ይታያል። ዘርፉም የራሱ የምንጣፉ ድር ነው፤ ከውስጥ ነው የሚወጣው። ጀርባው በጨርቅ ከተሸፈነና ዘርፉ በኋላ የተሰፋ ከሆነ ግን የምንጣፉ ፀጉር፣ ማለትም ፊቱ ላይ የቆመው ክር፣ የተያዘው በሙጫ ነው። ያ ሙጫ ሲያረጅ ዱቄት ይሆናል፣ ፀጉሩም መርገፍ ይጀምራል። አትግዛው አልልም። በእጅ የተሠራ ብለው በእጅ ሥራ ዋጋ እንዳይሸጡልህ ነው።

ሰው ሠራሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ገበያ ላይ የሞላው ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ ብል አይበላውም። ለእርጥብ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠላቱ እሳት ነው። በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የቡና ከሰል ፍም ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ፍሟ የምትወድቀው ለቅጽበት ነው፤ ቀዳዳው ግን ምንጣፉ እስኪጣል ድረስ አለ። ጠርዙ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ የልጅ እግር የሚቧጭር ይሆናል።

ከግሽ ዓባይ፦ ስለዚህ ቡና በረንዳ ላይ ይፈላ ማለት ነው። እኛ ቤት እንደዚያ ካደረግን ቆየን።

ከጢስ አባይ፦ እንግዳ በረንዳ ላይ ይቀመጣል እንዴ? ለአንድ ምንጣፍ ተብሎ ቡና ከቤት ይወጣል? ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣኑን አጢሶ፣ ሰው ሰብስቦ ነው እንጂ።

ከግሽ ዓባይ፦ ዕጣኑን ማን ከለከለ? ቄጠማው ግን ምንጣፍ ላይ ሲጎዘጎዝ ውሃው ይሠርጋል። አረንጓዴው አይለቅም። አይቼዋለሁ።

ከጢስ አባይ፦ ድሮ አያቶቻችን ምንጣፍ ስላልነበራቸው ነው በደስታ የኖሩት።

ከዘንዘልማ፦ እረ እባካችሁ፣ የኔ ጥያቄ ስለ ሱፍ ነበር።

መልስ፦ ይበቃል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ መጣላትም አያስፈልግም። ምንጣፍ ሳሎኑን ሙሉ መሸፈን የለበትም። ቡና በሚፈላበት በኩል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ወለል ተዉ። ረከቦቱም፣ ምድጃውም፣ ቄጠማውም እዚያ ይሁን። እንግዳው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ። ቦታው ጠባብ ከሆነ ምድጃው ሥር ሰፋ ያለ የብረት ትሪ ወይም አንድ ትርፍ ሴራሚክ አድርጉ። ማጨሻውም እንደዚያው።

ቄጠማን በተመለከተ ግን ከግሽ ዓባይ የጻፉት ያሉት እውነት ነው። እርጥብ ቄጠማ ምንጣፍ ላይ አይጎዝጎዝ።

ከሀሙሲት፦ ፍም ወድቆብናል፣ ተቃጥሏል። ይጠገናል?

መልስ፦ የፀጉሩ ጫፍ ብቻ ከሆነ የቀለጠው በትንሽ መቀስ ቀስ አድርገህ ከርክመው። እስከ ጀርባው ከዘለቀ ግን ያን ቦታ በካተር አራት ማዕዘን አድርገህ ቁረጠው። ከሶፋ ሥር ልክ ያንኑ የሚያህል ቁራጭ አውጣና ተካው። የፀጉሩ አቅጣጫ አንድ መሆን አለበት። በእጅህ ዳብሰው፤ በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። አቅጣጫውን ካሳሳትከው ቀለሙ የተለየ መስሎ ከሩቅ ይታያል።

ከባህር ዳር፣ አንዲት እናት፦ ልጄ፣ ከእናቴ የወረስኩት የሱፍ ስጋጃ አለኝ። ሶፋ ሥር ያለው ጫፉ ተበልቷል። በበረኪና ላጥበው አስቤ ነበር።

መልስ፦ እናቴ፣ በረኪና እንዳይነካው! በረኪና ሱፍን ራሱን ይበላዋል፤ ቀለሙን ብቻ አይደለም። የእርስዎን ስጋጃ የበላው ብል ነው። ብል ጨለማና ማንም የማይረግጠው ቦታ ይወዳል፤ ለዚህ ነው ሶፋው ሥር ያለው ብቻ የተበላው። እንዲህ ያድርጉ። ደረቅ ቀን ጠብቀው ያውጡትና በጀርባው በኩል በእንጨት ይምቱት። ፊቱንም ጀርባውንም በብሩሽ ይጥረጉት። ሁለቱንም ገጽ ፀሐይ ያሙቁት፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይተዉት፣ ቀለሙ ይለቃል። በሳምንቱ ይድገሙት፣ እንቁላሉ ሊተርፍ ይችላልና። የነበረበትንም ወለል፣ የሶፋውንም ሥር በደንብ ይጥረጉ።

ማጠብ ካስፈለገ ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ የፀጉር ሻምፑ ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለሱፍ ይከብዳል። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጥግ ላይ ይጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ አይጠቡት። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ በእጅ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። ስለዚህ ደርቋል ብለው ከሚያስቡበት በኋላ አንድ ቀን ጨምረው ያስጡት። ሲያስቀምጡት አይጠፉት፣ ይጠቅልሉት። በላስቲክ ሳይሆን በአቡጀዲ ይሸፍኑት። ላስቲክ እርጥበቱን ያፍነዋል። የተበላውን ጫፍ ደግሞ አይቁረጡት። እንዲህ ያለ ስጋጃ በመርፌ ይመለሳል፣ ጊዜ ወስዶ ለሚሠራ ሰው ይስጡት።

ከጎርጎራ፦ በግምት እንኳ ዋጋውን ንገሩን።

መልስ፦ አልናገርም ብያለሁ።

ከዘጌ፦ የቤተ ክርስቲያናችንን ምንጣፍ ልንቀይር ነው። በቅኔ ማህሌቱ በኩል ያለው አልቋል፣ ጧፍም ተንጠባጥቦበታል። አንዳንዶች በኮላ ይለጠፍ ይላሉ።

መልስ፦ በፍጹም አይለጠፍ። በዘጌ አድባራት መቅደሱ ዙሪያ ያሉት ሥዕሎች በጨርቅ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከሥር የታፈነ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ነው የሚሄደው። የዘጌ ደን ራሱ ጥላና እርጥበት አለው። ምንጣፉን በሚነሱ ቁራጮች አሠሩት፤ ከመቅደሱ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ሲታጠብ እዚያው ውስጥ ውሃ አይፈሰስ። አውጥቶ አጥቦ፣ ደርቆ ሲያበቃ ብቻ ይመለስ።

ካህናት ቆመው የሚያድሩበት፣ መቋሚያ የሚያርፍበት ቦታ ቶሎ ይሳሳል። ፀጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለውን ምረጡ። ረጅሙ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ወዲያው ይተኛል፣ አቧራም ይይዛል። ቁራጮቹ አንድ ልክ ቢሆኑ በየስድስት ወሩ ቦታ ታለዋውጣላችሁ፤ አንድ ቦታ ብቻ አያልቅም።

የጧፉን ሰም በትኩሱ አትፈትጉት። ይድረቅ። በማንኪያ ጀርባ ፈርፍሩት። የቀረው ላይ ንጹህ ወረቀት አድርጉና ሞቅ ያለ ካውያ አስነኩት፤ ሰሙን ወረቀቱ ይጠጣዋል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ካውያው ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ለሥራው እኔም ብመጣ ደስ ይለኛል።

ከመራዊ፦ ሰሌን ይሻላል ፕላስቲክ ምንጣፍ?

መልስ፦ ወለላችሁ እርጥብ ከሆነ ሰሌን። አየር ያስተላልፋል፣ በየጊዜው ታወጡታላችሁ። ፕላስቲኩ ለኩሽና ጥሩ ነው፤ እርጥብ ሊሾ ላይ ግን ከላይ የነገርኳችሁን የላስቲክ ሙከራ በቤቱ ሙሉ መሥራት ነው። ጀርባው የጎማ የሆነ ምንጣፍ ደግሞ ፕላስቲክ ላይ አታንጥፉ፣ ቢጫ አድርጎት ይቀራል።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሴራሚክ፣ ሁለት ሕፃናት አሉን። ቡና ሳሎን ነው የሚፈላው። ክፍሉ 4.6 በ 3.8 ነው።

መልስ፦ አሁን መነጋገር ይቻላል። ፎቅ ስለሆናችሁ ከሥር የሚመጣ ውሃ አያሰጋችሁም። ቢሆንም የመታጠቢያ ቤቱን በር አካባቢ በላስቲኩ ፈትሹ። ፀጉሩ አጭር የሆነ ፖሊፕሮፒሊን ይበቃችኋል፤ ሕፃን ያፈሰሰው በቀላሉ ይወጣል። ሲፈስ ደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አስጠጡት፣ አትፈትጉት።

ሙሉውን በሞኬት ካሰኛችሁ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ 4 ሜትር ስፋት አለው። 3.8ቱን በጥቅሉ ስፋት አድርጉት። ርዝመቱን 4.7 ቁረጡ፤ ትርፏ 10 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ቀጥ ስላልሆነ ነው። በዚህ መልክ ምንም መገጣጠሚያ የለውም። አዙራችሁ ብትቆርጡት ግን 60 ሳንቲ ሜትር ይጎድልና ለመቀጠል ትገደዳላችሁ። ተዘርግቶ አንድ ቀን ይደር፣ ከዚያ ይቆረጥ። ጥራጊውን አትጣሉት፣ ለጥገና ይሆናል። ለእናንተ ቤት ግን፣ ቡናው ሳሎን ከሆነ፣ እኔ 3 በ 3 የሚነሳ ምንጣፍ ነው የማነጥፈው።

ከሽምብጥ፦ ቀለሙስ?

መልስ፦ ቀለም እናንተ ታውቃላችሁ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ካለ ግን በየስድስት ወሩ አዙሩት፣ በአንድ በኩል ብቻ እንዳይለቅ።

ከፋሲሎ ሌላ ሰው፦ ሴራሚክ ላይ በኮላ የተለጠፈ አሮጌ ሞኬት እንዴት ይነሳል? ጓደኛዬ ቤንዚን አፍስበት አለኝ።

መልስ፦ ቤንዚን ቤት ውስጥ አይፈስም! ጎረቤት ከሰል አቀጣጥሎ ይሆናል፣ ትነቱም ያሳምማል። ሞኬቱን ከላይ በካተር ግማሽ ሜትር ስፋት እያደረግህ ሰንጥቀው፤ ሴራሚኩን ተጠንቀቅ። ከጥግ ጀምረህ ጠቅልለህ ጎትት። አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ መስኮት ክፈት፤ ዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ነው የሚወጣው። ለቀረው ኮላ ሙቅ ውሃና ላርጎ አፍስሰህ ሃያ ደቂቃ አቆየውና በስፓቱላ ፋቀው። ካልለቀቀ ድገመው። ዞኮሎው፣ ማለትም ግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ፣ ጋ ስትደርስ በእጅህ አድርገው፣ በኃይል ከሳብከው አብሮ ይነቀላል።

አዲሱ ሲነጠፍ በሩ ከጋጨ ደግሞ ሞኬቱን እንዳትላጨው። በሩን ከማጠፊያው አውርደህ ከሥሩ በአናጺ አስልገው።