ቺኩንጉንያ የሴሉን ጂን ከዘጋ ራሱ በምን ይባዛል?

እህቴ፣ «ቫይረሱ የሴሉን ጂን ሥራ ካስቆመ የገዛ ጉሮሮውን መዝጋት አይሆንበትም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ድሬዳዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችም ሁሌ እዚሁ ላይ ነው የሚያዙት።

በ2011 ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ቫይረስ ድሬን ሲያጥለቀልቃት ደም ለወባ እናያለን፣ የለም። የሚቀጥለውም የለም። ሰዉ መገጣጠሚያው አብጦ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ቫይረስ በደንብ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። አሁን ለተማሪዎች የምላቸው፦ አቦ፣ የቫይረስ ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት ሴሉ ውስጥ የት እንደሚባዛ ጠይቁ።

ቺኩንጉንያ የሚባዛው የሴሉ ጂኖች ከሚቀመጡበት ከኒውክለስ ውጭ፣ በዙሪያው ባለው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ጂኖቹን የያዘውን አርኤንኤውን የሚገለብጥለት ኢንዛይም ከራሱ ጂን ይሠራለታል። ስለዚህ ኒውክለስ ውስጥ ጂኖችን ወደ አርኤንኤ የሚቀዳው የሴሉ ገልባጭ፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ 2፣ ምኑም አይደለም። ኤንኤስፒ2 የሚባለው ፕሮቲኑ ኒውክለስ ገብቶ የዚህን ገልባጭ ዋና ክፍል፣ አርፒቢ1ን፣ ያስፈርሰዋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሴሉ አዲስ ኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን የጂን ቅጂ፣ ማውጣት ያቆማል። ፕሮቲን መሥሪያውን ራይቦዞም ግን አያጠፋውም፤ የራሱን ፕሮቲን የሚያሠራው በሱ ነዋ! ዳቦ ቤት ገብቶ ትእዛዝ ተቀባዩን አባሮ ምድጃውን እንደሚያነድ ሰው ነው።

ጥቅሙ ምንድነው? ሴሉ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበትን ኢንተርፌሮን ለመሥራት አዲስ ኤምአርኤንኤ ያስፈልገዋል። እሱ ተዘጋ ማለት ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ግን የሚባዛው ኒውክለስ ውስጥ ነው። ከሴሉ አዳዲስ አርኤንኤዎች ጫፍ ላይ ቆባቸውን፣ ራይቦዞም የሚያውቃቸውን ምልክት፣ ቆርጦ ለራሱ ይሰካል። ገልባጩን ከመነሻው ቢያጠፋው ቆብ ከየት ያመጣል? ኤችአይቪማ ጭራሽ ክሮሞዞማችን ውስጥ ገብቶ በዚያው ፖሊመሬዝ ነው የሚገለበጠው። እንዲያውም ታት በተባለ ፕሮቲኑ ያፋጥነዋል። የፖሊዮ አርኤንኤ ደግሞ ቆብ የለውም። ስለዚህ ባለቆቦቹን ወደ ራይቦዞም የሚያደርሰውን የሴሉን ፕሮቲን፣ ኢአይኤፍ4ጂን፣ ቆርጦ ይጥለዋል፤ የሚጎዳው ሴሉ ነው፣ እሱ በሌላ በር ይገባል።

ደንጊን ከቺኩንጉንያ ጋር አንድ አታድርጊው። የምታስተላልፋቸው ትንኝ አንድ ናት፣ በየግቢያችን በርሜል የምትፈለፈለው ኤዴስ። ደንጊም ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው የሚባዛው። ሆኖም ሥራው ጠበብ ያለ ነው፦ ኤንኤስ5 የሚባለው ፕሮቲኑ የኢንተርፌሮንን መልእክት ወደ ኒውክለስ የሚያደርሰውን የሴሉን ፕሮቲን፣ ስታት2ን፣ ያስፈርሳል። ኢንተርፌሮን ቢመጣ እንኳ መልእክቱ ኒውክለስ ደርሶ የመከላከያ ጂኖችን አያስነሳም። የመባዣው ቦታ ቫይረሱ ምን መዝጋት እንደሚችል ነው የሚነግርሽ እንጂ የግድ ምን እንደሚዘጋ አይደለም።

መጨረሻ ላይ «ታዲያ ማስጠንቀቂያው ከተዘጋ ያ ሁሉ ትኩሳት ከየት መጣ?» ብለሻል። የሚዘጋው ቫይረሱ የያዘው ሴል ነው፣ እሱም ወዲያው አይደለም። ሌሎች የመከላከያ ሴሎች የቫይረሱን አርኤንኤ ያውቁታል። በቺኩንጉንያ ታማሚ ደም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንተርፌሮን ከፍ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ትኩሳቱንና ቁርጥማቱን ከሚያመጡት አንዱ ራሱ ኢንተርፌሮን ነው።