የማዕድን አቧራ በለበሰ መሬት ላይ የትኛው ሳር ይጸናል?

«ከወርቅ ድንጋይ መፍጫ አጠገብ ባለን ግማሽ ሄክታር ላይ ሳር ዘርተን ክረምቱን ለምልሞ በጋ ላይ ደረቀ፤ ምን ዓይነት ሳር ይሻላል?» ላሉት ጠያቂ፦

መድረቁ አይገርምም። በአቧራው ውስጥ የሚገኙ መዳብና ዚንክ የሥርን እድገት ይገታሉ። ዝናብ እስካለ አጭር ሥርም ይበቃል፤ እርጥበቱ ወደ ታች ሲሸሽ ግን ሳሩ አይደርስበትም። ስለዚህ የገበያ ዘር እንደገና መዝራት ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ። አቧራው ላይ ላዩን ስለሚተኛ ከ0–5 እና ከ5–20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለየብቻ፣ ከ10–15 ቦታ ተወስዶ የተደባለቀ ናሙና ይላኩ። ፒኤች (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ)፣ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና በተለይ መርዛማው አርሴኒክ ይታይ። አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ጨምሮ ፒኤቹን ወደ 6–6.5 ማድረስ ሦስቱን ብረቶች ያፍናል። አርሴኒክ ግን በተቃራኒው ኖራም ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያም ሲበዛ ከአፈሩ ይለቃል። ሰው ሁሉ «ኖራ ጨምሩበት» ይላል፤ ውጤቱን ሳያዩ እንዳይነኩት። የኖራውን መጠን ላብራቶሪው ይንገርዎ፣ ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብሎም ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። በካሬ ሜትር 2–3 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ይጨምሩ።

ለቆላና ለወይና ደጋ ምርጫዬ ቬቲቨር (ሥሩ ወደ ጥልቅ የሚወርድ ረጅም ሳር) ከሰርዶ ጋር ነው። ቬቲቨር የያዘውን ብረት በአብዛኛው ሥሩ ውስጥ ያስቀራል፤ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ጥቂት ነው። በዘር ሳይሆን በግንጣይ ይተከላል፦ 2–3 ቡቃያ ያለው፣ ቅጠሉ 20፣ ሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ፣ ዝናቡ ሲጸና፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ተዳፋቱን አቋርጦ። ረድፉ በ1.5 ሜትር ቢራራቅ ለግማሽ ሄክታር 22,000 ገደማ ግንጣይ ይፈልጋል። አቅም ካነሰ አቧራው በሚመጣበት ጠርዝ ከ3–4 ረድፍ ይጀምሩ። ጥላ ስር አይሆንለትም።

በረድፎቹ መካከል የሚገባውን ሰርዶ እዚያው መፍጫው ዙሪያ አቧራ ለብሶ አረንጓዴ ከሆነው ይንቀሉ። ብረቱን መቻሉ የሚወረስ ነው። በብሪታንያዋ ዌልስ አሮጌ የማዕድን ማውጫዎች ላይ ከተረፉ ሳሮች «ሜርሊን»ና «ጎጊናን» የተባሉት ዝርያዎች ለእርሳስና ዚንክ፣ «ፓሪስ» (ከተማዋ ሳትሆን የመዳብ ተራራ ናት) ለመዳብ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። የቀዝቃዛ አገር ሳሮች ስለሆኑ ለቆላ አይታዘዙም።

ሳሩ አቧራውን ይይዛል እንጂ መሬቱን አያጸዳም። ከብት አይግባበት፤ ሥሩ ብረቱን ቢያስቀርም ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው አቧራ ይበላል። የታጨደውም እዚያው ይነጠፍ እንጂ ለመኖ ወይም ለጓሮ ኮምፖስት አይውጣ። መፍጫው ሜርኩሪ ይጠቀም ከነበረ ደግሞ ለላብራቶሪው አስቀድመው ይንገሩ፤ ለብቻው የሚመረመር ነው።