የሙያ ምክር፦ ፋርማሲውን ትቼ የበረሃ እንስሳት ላይ ብሠራስ?

አንዲት አንባቢያችን ከላስ ቬጋስ እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ “20 ዓመቴ ነው። የባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በ14 ዓመቴ አባቴ ዲቪ ደርሶት ከቤተሰቤ ጋር መጣሁ። ቤተሰቦቼ ፋርማሲ እንድገባ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ቦልደር ሲቲ መናፈሻው ላይ ሣር ሊግጡ የሚወርዱትን የዱር በጎች ካየሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እነሱ ላይ ነው። አባቴ ‘እረኝነት ለመማር ነው አሜሪካ የመጣነው?’ ይለኛል። እውነት ሥራ አለው? አደን አልወድም፤ ይህ ችግር ይሆንብኛል? አንድ ቀን ለአገሬስ ይጠቅማል? ያለኝ ግሪን ካርድ ብቻ ነው።”

ውድ እህታችን፣

ሥራ አለ። እንደ ፋርማሲ በየመንገዱ ዳር አይደለም፤ ለአንድ ክፍት ቦታ ብዙ ሰው ያመለክታል። ግን የምትኖሪበት ቦታ ለዚህ ሙያ የተመቸ ነው። ከኔቫዳ መሬት 80 ከመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት ነው። ከከተማችሁ በስተሰሜን ያለው ሰፊ የበረሃ ዱር እንስሳት መጠለያ በ1936 የተቋቋመው በዋናነት ላየሻቸው በጎች፣ ለቢግሆርኖች፣ ተብሎ ነው። ስፋቱ ከ600 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። ሌላው ተማሪ ከሩቅ ስቴት በአውሮፕላን የሚመጣበትን ቦታ አንቺ ቁርስሽን በልተሽ በመኪና ትደርሺበታለሽ።

መናፈሻው ላይ ያየሽው ደስ ይላል። ሥራው ግን በጎቹ ለምን እንደሚቸገሩ ማወቅ ነው። ውሃን ብቻ እንውሰድ። በ2020 ላስ ቬጋስ 240 ቀን በተከታታይ የሚለካ ዝናብ አላገኘችም። ተራራው ላይ ለእንስሳት ተብለው የተሠሩ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉ። በእነዚያ ደረቅ ዓመታት የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ወደ እነሱ በሄሊኮፕተር ውሃ እስከማመላለስ ደርሶ ነበር። የቱ ማጠራቀሚያ ይቅደም? የትኛው መንጋ በየትኛው ይጠጣል? ይህን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

ከውሃውም የባሰው በሽታው ነው። ከቤት በግና ፍየል የሚተላለፍ ባክቴሪያ የቢግሆርንን ሳንባ ያጠቃል። መጀመሪያ ትልልቆቹ ይሞታሉ። ከተረፉት አንዳንዶቹ ተሸክመውት ይኖራሉ፤ ከዚያ ለዓመታት ግልገሎቹ ያልቃሉ። መንጋው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው፤ የሚተካው ግን የለም። አስተማማኝ መድኃኒት ስላልተገኘለት ዋናው መፍትሔ የቤቱንና የዱሩን ማራራቅ ነው። ስለዚህ ባዮሎጂስቷ አንድ ቀን ከሄሊኮፕተር በተተኮሰ መረብ ከተያዘ በግ አፍንጫ ናሙና ትወስዳለች፤ አንገቱ ላይም ጂፒኤስ ታስራለች። ከዚያ ወራት ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ቁጥር ስታገላብጥ ትከርማለች። በሌላ ቀን ደግሞ ፍየል የሚያረባ ሰው ቤት ሄዳ አጥሩን እንዲያጠናክር ታግባባዋለች። ይህኛው የቢሮ ሰው ሁሉ የሚችለው አይደለም። እንግዳ ተቀብሎና ሽማግሌ አክብሮ ያደገ ልጅ ግን ይችልበታል።

ልፋቱ ፍሬ አለው። አሪዞና ውስጥ የሚኖሩት የሶኖራ ፕሮንግሆርኖች፣ እነዚያ ሚዳቋ የሚመስሉ ፈጣን እንስሳት፣ ከ2002ቱ ድርቅ በኋላ በአሜሪካ የቀሩት 21 ብቻ ነበሩ። አጥር ውስጥ አራብተው እየለቀቋቸው ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ።

አሁን በጣም አጥብቄ የምነግርሽ ስለ ትራንስክሪፕትሽ ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤት የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ለመሆን “ባዮሎጂ ተመርቄያለሁ” ማለት አይበቃም። ክሬዲት ይቆጥሩብሻል። ቢያንስ 9 የሴሚስተር ክሬዲት እንደ አጥቢ እንስሳት፣ ወፎች፣ የእንስሳት ሥነ ምህዳርና የዱር እንስሳት አያያዝ ባሉ ትምህርቶች። 12 ክሬዲት በዙኦሎጂ፣ በእንስሳት ሳይንስ ማለት ነው። 9 ደግሞ በዕፅዋት ሳይንስ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በዚህኛው ነው። እንስሳ እወዳለሁ ብሎ የዕፅዋቱን ትምህርት ይዘላል፤ ከተመረቀ በኋላ 3 ክሬዲት ጎድሎት ወደ ኮሌጅ ይመለሳል። ለመሥፈርቱ ብለሽ ብቻም አትማሪው። በረሃ ላይ እንስሳውን የምታገኚው የሚበላውን ስታውቂ ነው። በሚቀጥለው ምዝገባ አንድ የዕፅዋት ኮርስ ያዢ። ስታትስቲክስም ጨምሪ። አር የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራምና ጂ አይ ኤስ የሚባለውን የካርታ መረጃ ሥራ ከቻልሽ ከብዙዎቹ ትቀድሚያለሽ። እዚያው ስቴት ሪኖ ያለው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የዱር እንስሳት ሥነ ምህዳር ዲግሪ ይሰጣል፤ መዛወርም ይቻላል። ባትዛወሪም ኮርሶቹን እስከሞላሽ ድረስ የዲግሪው ስም አያስቀርሽም።

ቀጥሎ አንድ የበጋ (የሰመር) ሥራ ያስፈልግሻል። ቴክኒሻን ይባላል። ካሜራ ትተክያለሽ፣ የኪት ፎክስ፣ የትንሿን የበረሃ ቀበሮ፣ ጉድጓድ ትፈልጊያለሽ፣ ሌሊት በባትሪ ጥንቸል ትቆጥሪያለሽ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ክፍያውም ትንሽ ነው። ግን ያለዚህ ቋሚ ሥራ የሚሰጥሽ የለም። የበጋው ቅጥር የሚወጣው በአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት፣ ስለሆነ ከኅዳር ጀምረሽ ተከታተዪ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረውን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ በየሳምንቱ እዪ። እስከዚያው በስቴቱ መሥሪያ ቤት በጎ ፈቃደኛ ሁኚ፤ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲጠገን ሰው ይፈልጋሉ። አብረውሽ የሚሠሩት ባዮሎጂስቶች ናቸው ነገ ማመልከቻሽ ላይ ስምሽን የሚያውቁት።

አደን አለመውደድሽ አያግድሽም። ግን አዳኞችን አክብረሽ ቅረቢያቸው። ከ1937 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ 11 ከመቶ ታክስ ለየስቴቱ የዱር እንስሳት ሥራ ይውላል። የውሃ ማጠራቀሚያዎቹን ብዙ ጊዜ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ሥጋትሽ ይገባኛል፤ ሥራው ላይ ስትገቢ ግን የሚጠሉት ሰዎች አይሆኑብሽም።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ልጃቸው እንዳትቸገር ፈርተው ነው። ስለ በጎቹ ውበት አትንገሪያቸው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጤና ኢንሹራንስና ስለ ጡረታ ንገሪያቸው፤ የመንግሥት ቋሚ ሥራ ሦስቱም አሉት። እውነቱንም አትደብቂ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ ከፋርማሲ ጋር አይወዳደርም። በ2025 የፌዴራል ቅጥር ታግዶ፣ ገና በሙከራ ላይ የነበሩ ብዙ ሠራተኞችም ተሰናብተዋል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ አታንኳኪ። ስቴት አለ። አማካሪ ድርጅቶችም አሉ፤ በረሃው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የሚፈትሹት እነሱ ናቸው። ማስተርስ ሳያስፈልግሽ አይቀርም። በዚህ መስክ ግን ለጥናት ማስተርስ ከኪስሽ አትክፈዪ። መምህሩ የምርምር ገንዘብ ካለው ትምህርቱን ሸፍኖ የወር ክፍያም ይሰጥሻል። ከማመልከትሽ በፊት በቀጥታ ጻፊለት፤ “ቦታና ገንዘብ አለዎት?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፋርማሲን ለመተውም ዛሬ መወሰን የለብሽም፤ ኬሚስትሪውና ስታትስቲክሱ ለሁለቱም ያገለግላል።

ለአገሬ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ በጣም ይጠቅማል። ኔቫዳ በረሃ ላይ በየምንጩ የምታያቸው ባለቤት የሌላቸው አህዮች የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ የዱር አህያ ይመዘዛል። ያ የዱር አህያ ራሱ ዛሬ የቀረው በአፋርና በኤርትራ በረሃ በጣም ጥቂት ሆኖ ነው። ኔቫዳ ላይ አህያው በዝቶ ቢግሆርኑን ከውሃ ይገፋል፤ አፋር ላይ የዱር አህያው ከአርብቶ አደሩ ከብት ጋር ውሃና ግጦሽ ይሻማል። ካሜራ ምንጭ ዳር ተክሎ መቁጠር፣ ከከብቱ ባለቤት ጋር ተቀምጦ መነጋገር፣ ሁለቱም ቦታ ያው ነው። የአገሩን ሰው ወግ የሚያውቅ ባለሙያ እዚያ በጣም ይፈለጋል።

የቀረው ግሪን ካርዱ ነው። አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ይጠይቃል፤ የስቴትና የግል ሥራ ግን ብዙ ጊዜ በግሪን ካርድ ይሆናል። አንቺ ከመጣሽ 6 ዓመት ሆኖሻል፤ ለዜግነት የሚያስፈልገው በአብዛኛው 5 ነው። ስለዚህ ማመልከት የምትችይ ይመስለኛል።    ወረቀቱን ይዘሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ፤ የኅዳሩ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ይህ ቢጠራልሽ ጥሩ ነው።